ምስጥ የበላው ጥግ

ሚስ ቫዮሌት ባርካት በሠላሳ አንድ ዓመት የአስተማሪነት ዘመኗ ለአንድም ተማሪ ግማሽ ማርክ በችሮታ ጨምራ አታውቅም። የቄሱን ልጅ በሒሳብ ስትጥለው ቄሱ ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ሙቀቱ አውርተው፣ ስለ ልጁ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተመልሰዋል። የእህቷን ልጅ ስትጥል ደግሞ እህትየው ሁለት ገና ሙሉ ሳታናግራት ቀረች። "ያላወቀውን አወቀ ብዬ ከጻፍኩ ሌባ ነኝ" ትላለች፤ አለቀ። ከሷ ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ደክሞት ነው የሚነሳው።

ጡረታ የወጣች ጊዜ ሰፈሩ "እሷም አረፈች፣ እኛም አረፍን" ብሎ ነበር። እሷ ግን ማረፍ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ወር ሳይሞላ በየቅዳሜው ቦርሳዋን አንግታ ከቦዩ ማዶ ወዳለው ወህኒ ቤት፣ ወደ ሴቶቹ ግቢ መመላለስ ጀመረች። ቦርሳው ውስጥ ጠመኔ አለ፣ የቅማል ማበጠሪያ አለ፣ በመንደሮቻችን ቋንቋ የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ አለ። በሳል መድኃኒት ጠርሙስ የተሞላ፣ ቄሱ የጸለዩበት የሰናፍጭ ዘይትም አለ።

በሩ ላይ የምትፈትሻት ኩልሱም የምትባል ወፈር ያለች ዘብ ነበረች። ኩልሱም ሙስሊም ናት፤ በመጀመሪያው ወር ዘይቱን እያሸተተች በጥርጣሬ ታየው ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እግሯን ዘረጋችና፣ ለታላላቆች እንደሚባለው 'ጂ' ብላ አከበረቻት።

"ሚስ ጂ፣ እስቲ ለዚህ ጉልበቴም ጠብ ያድርጉልኝ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ ብቻ።"

"በማን ስም እንደምቀባሽ ታውቂያለሽ፣ ኩልሱም?"

"በፈለጉት ስም ይሁን። እኔ ደረጃውን ልውጣበት።"

ጉልበቷ ተሻላት። ዘይቱ ይሁን ማሸቱ ማንም አልመረመረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚስ ባርካት ቦርሳ ሳይፈተሽ ይገባ ነበር።

ግቢው ውስጥ ክርስቲያኖቹ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። ሚስ ባርካት ሐኪም አይደለችም፣ ሰባኪም አይደለችም። ራሳቸውን ታበጥራለች፣ ደብዳቤ ትጽፍላቸዋለች፣ ዘይቱን በግንባራቸው እየቀባች በስማቸው ትጸልያለች። ከታሰሩ ጀምሮ ከዱላ በቀር የሰው እጅ ያልነካቸው ሴቶች አሉ፤ እጇን ግንባራቸው ላይ ስታሳርፍ ጭንቅላታቸውን ከነሙሉ ክብደቱ ይጥሉባታል። ቤቷ ስትመለስ ክንዷ ይዝላል። ደስ የሚል ድካም ነው ትል ነበር።

ከዘጠኙ አንዷ ቪሮ ናት። ቪሮ ቻክ አርባ ሰባት ከምትባል የገጠር መንደር የመጣች የጡብ ሠራተኛ ስትሆን እድሜዋን በትክክል አታውቀውም፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። የጡብ መተኮሻው ምድጃ አጠገብ በውሃ ተራ ጠብ ተነስቶ ባሏን ከመሬት ጥሎ የሚረግጠውን ሰውዬ ጡብ ወርውራ መታችው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰባት ዓመት ፈረዱባት። ባሏ አንድ ጊዜ ሊጠይቃት መጥቶ በዚያው ቀረ።

"ጡቡን እኮ እኔው ነኝ የሠራሁት፣ ሚስ ጂ" ትላለች። "መጥፎ ጡብ ቢሆን ኖሮ ይሰበርና ሰውየው ይተርፍ ነበር። ጥሩ ሠራተኛ መሆኔ ነው ያሳሰረኝ።" ሴቶቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቅና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ድምፅ ነበራት። እናቷ ካርሞ ጭቃ እየረገጠች፣ እሷን በጀርባዋ አዝላ፣ መዝሙሮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስጠንታታለች። ቪሮ ስትጀምር ከሌላው ክፍል ሙስሊሞቹ ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው በሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። የምትመርጠው አንድ መዝሙር አለ፤ ጥልቅ ውስጥ ሆኖ ስለሚጣራና ንጋትን ስለሚጠብቅ ሰው ነው።

በስድስተኛው ዓመት ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ሆዷ ማበጥ ጀመረ። ሚስ ባርካት በየሳምንቱ ለወፍ በሽታ ይበጃል የሚባለውን ፍጅል ከነቅጠሉና የሸንኮራ ጭማቂ ታመጣላት ጀመር። የወህኒ ቤቱ ሐኪም አንድ ቅዳሜ በር ላይ አስቁሞ "ጉበቷ አልቋል፣ ሚስ ጂ። የስንዴውን አጨዳ ካየች ትልቅ ነገር ነው" አላት። የቪሮ እስራት የሚያልቀው ግን ከአጨዳው አምስት ወር በኋላ፣ የክረምቱ ዝናብ ሲወጣ ነበር።

አንድ መንገድ ቀርቷታል። በዚያ ወህኒ ቤት እስረኛ የሃይማኖቱን ትምህርት ተምሮ የአመክሮ ፈተና ካለፈ ስድስት ወር ይቀነስለታል። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ስንዴ ሲዘራና ስንዴ ሲታጨድ ይሰጣል። የክርስቲያኖቹን ሴቶች የምትፈትነው ሚስ ባርካት ራሷ ናት። በዘሩ ወቅት ቪሮ ካለፈች ከፋሲካ በፊት ቤቷ ናት፤ ይህን ሁሉም አስልቶታል።

"ቤት ገብተሽ ምን ልታደርጊ ነው?" ትላታለች ኩልሱም።

"እናቴ ራሴን ታበጥረኛለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በቃ። ይሄው ነው።"

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። አሥር ጥያቄ በቃል መመለስ፣ ከዚያ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ። ጥያቄው ለቪሮ ምኗም አልነበረም። ፊደሉ ነው ያስቸገራት። ጠመኔ በጣቷ መካከል ይሰበራል፤ እጇ የለመደው ጭቃ ነው። ሚስ ባርካት ይህን ስታይ ከቧንቧው ሥር ጭቃ አስቦካችና ፊደሎቹን በጭቃ አሠራቻት። ያኔ እጇ ገባው። የግቢው ግድግዳ ጥግ ላይ በፀሐይ የደረቁ ፊደሎች ተደረደሩ፤ ኩልሱም "እኛን ደግሞ በፊደል ልታጥሪን ነው እንዴ?" እያለች ታልፍ ነበር። ፊደል ለይታለች፤ ፊደልና ፊደል ገጣጥሞ ቃል ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜው ደግሞ አጭር ነበር።

የፈተናው ቀን ኒም ዛፉ ሥር ወንበርና ጠረጴዛ ወጣ። የወህኒ ቤቱ ምክትል አዛዥ ቅጹን ራሱ አምጥቶ አስቀመጠላት። "የሌላውን ፈታኝ ፊርማ ሦስት ጊዜ አስጣራለሁ፣ ሚስ ጂ። የእርስዎን አላስጣራም" አላትና ወደ ቢሮው ሄደ።

ቪሮ አሥሩን ጥያቄ ሚስ ባርካት ጠይቃ ሳትጨርስ መለሰች፤ ያልተጠየቀችውንም ጨመረች። ከዚያ ተነሳች፣ ሻሿን በራሷ ላይ አስተካከለች፣ መጽሐፉን በሁለት መዳፏ ተቀብላ፣ ሚስ ባርካት የገለጠችላትን ያንኑ የምትወደውን መዝሙር ማንበብ ጀመረች። እንዴት አድርጋ አነበበችው! ሚስ ባርካት ደስታዋ ዓይኗ ውስጥ ሞልቶ፣ ተነስታ ከኋላዋ ቆመች።

ከኋላዋ ስትቆም ገጹን አየችው። መጽሐፉ ባለፈው ክረምት የወህኒ ቤቱ በር መጋዘን ውስጥ ተትቶ ከርሞ ምስጥ ገብቶበት ነበር፤ የዚያ ገጽ የታችኛው ጥግ ተበልቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት የሉም። ቪሮ እዚያ ስትደርስ ትንሽ እንኳ አላመነታችም። የሌሉትን ቃላት አንብባ ጨረሰች።

"እስቲ ያሁኑን ቃል በጣትሽ አሳዪኝ" አለቻት ሚስ ባርካት።

ቪሮ ጥጉን አየችና ሳቀች። "ምስጡ ወረቀቱን ነው እኮ የበላው፣ ሚስ ጂ። መዝሙሩን አልበላውም።"

"ታነቢያለሽ ወይስ በቃልሽ ነው?"

"እያነበብኩ ነዋ። ይኸው መጽሐፉን ይዣለሁ።"

ሚስ ባርካት የከተማ ልጅ ናት፤ የቻክ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ገብታ አታውቅም። እዚያ ፊደል የማይቆጥሩ ሴቶች ሁሉ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ገልጠው ይዘው ነው የሚዘምሩት። መጽሐፍ ሳይይዙ መዘመር ድፍረት ነው፤ ይዞ የዘመረ ደግሞ አንብቧል። ካርሞ እንዲህ ነው ያነበበችው፣ የካርሞም እናት እንዲሁ። ቪሮ ሰው ለማታለል ያሰበችው ነገር አልነበረም፤ ይህን ግን ሚስ ባርካት ያወቀችው በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የታያት ተማሪዋ እንዳታለለቻት ብቻ ነበር።

ሌላ ገጽ ገለጠችላት። ቪሮ ጎንበስ ብላ ሁለት ፊደል ለየች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች፣ ላቧ መጣ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ኩልሱም ጠጋ አለች። "ይፈርሙላት፣ ሚስ ጂ። ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ።"

"ታማለች እኮ።"

"ትድናለች።" ሚስ ባርካት ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ከወር በፊት እጇን ሆዷ ላይ ጭና ስትጸልይ እጇ ሞቋት ነበር፤ ለሴቶቹም ሁሉ ቪሮ ትድናለች ብላ ተናግራለች። ትድናለች ብዬ ጸልዬ፣ አሁን ትሞታለች ብዬ በሐሰት ልፈርም? አለች በልቧ። እስከ አጨዳው ፈተና አምስት ወር ማቆየት ለእግዚአብሔር ምን ያቅተዋል አለች። ከቪሮ በኋላ የሚመጡትን ሴቶችም አሰበች፤ የሷ ፊርማ የማይጣራው አንድ ቀንም ዋሽቶ ስለማያውቅ ነው። ሰው ልበ ደረቅ ናት እንዳይላት፤ እስክሪብቶዋን ሁለት ጊዜ አንስታ አስቀመጠች። በሦስተኛው ግን "አታነብም" ብላ ጻፈች።

ቪሮ አልተቀየመችም። ብትቀየም ይሻል ነበር። "እርስዎ ካሉ ልክ ነው፣ ሚስ ጂ። ለአጨዳው ደግሞ እፈተናለሁ" አለችና መጽሐፉ እሷ ዘንድ እንዲያድር ለመነች። ኩልሱም ፈቀደች።

ቅዝቃዜው ገባ። የቪሮ እጅና እግሯ ቀጠነ፤ ሆዷ ግን አበጠ። ፊደሏን አልተወችም፤ ጭቃ ማቡካት ሲያቅታት አብረዋት የታሰሩት ሴቶች እያቦኩላት፣ ተኝታ ትሠራለች። ሚስ ባርካት በየቅዳሜው ትቀባታለች፤ እጇ ግን ደግሞ አልሞቀም። አንድ ቅዳሜ ከቀባቻት በኋላ ቀጥ ብላ ወደ ምክትል አዛዡ ቢሮ ሄደች። በሕይወቷ የሰጠችውን ማርክ ለመለወጥ ስትጠይቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ቅጹን ይመልሱልኝ። ተሳስቻለሁ" አለች።

ሰውየው አዘነላት። "ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ከሄደ ሁለት ወር ሆነው። ሌላ ፈታኝ ቢሆን ኖሮ እንደገና ይታይ ብዬ እጽፍ ነበር። የእርስዎን ፊርማ ግን ማን ተሳስቷል ብሎ ያምነኛል?"

ሚስ ባርካት የቦዩን ድልድይ የተሻገረችው እያለቀሰች ነው። ጡረተኛዋ አስተማሪ መንገድ ላይ ስታለቅስ ያዩ ሰዎች ዘመድ ሞቶባት መሰላቸው።

ፋሲካ መጣ። ሴቶቹ ተሰብስበው ዘመሩ፤ የቪሮ ድምፅ አልወጣ አለ፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ሚስ ባርካት ዘይቱን ከፍታ ግንባሯን ስትቀባት እጇን ያዘቻት።

"ሚስ ጂ፣ ዘይቱ እኔ ላይ አልሠራም ካለ አይዘኑ። ለኩልሱም ጉልበት እኮ ሠርቷል።"

"ቪሮ፣ በድዬሻለሁ።"

"ምን በደሉኝ? ፊደል አስተማሩኝ። ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎት። የፈተናው ቀን ያንኑ ገጽ ይስጡኝ። ሌላ አይገለጥብኝ።"

እሰጥሻለሁ አለቻት። ፈተናው አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር።

ፈተናው ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኩልሱም ሰው ላከችባት። ሚስ ባርካት ስትደርስ ቪሮን በሩ አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ አስተኝተዋታል። እናትየዋ ካርሞም በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥታለች፤ ከአጨዳው ነው የመጣችው፣ ሻሿ ላይ የስንዴ ገለባ አለ። አጭር፣ ጀርባዋ የጎበጠ አሮጊት ናት። አታለቅስም። ሁለቱ ሬሳውን አጠቡት፤ ኩልሱም ውሃ ታቀብላቸው ነበር። አጥበው ሲጨርሱ ካርሞ ማበጠሪያ ጠየቀች። ሚስ ባርካት ቦርሳዋን ከፍታ የቅማል ማበጠሪያውን ሰጠቻት፤ ሌላ አልነበራትም። አሮጊቷ አልጋው ራስጌ ተቀመጠች፣ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ቀስ እያለች ታበጥራት ጀመር።

"ሚስ ጂ የምትልሽ አንቺ ነሽ?" አለች እያበጠረች።

"እኔ ነኝ፣ ቤቤ" አለቻት፤ አሮጊት እናቶችን በአክብሮት የሚጠሩት እንዲህ ነው።

"'ፈተናውን ካለፍኩ ከፋሲካ በፊት መጣሁ' ብላ ልካብኝ ነበር። አልጋዋን አውጥቼ ገመዱን አጠበቅሁት። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ።" ማበጠሪያው ቋጠሮ ያዘው፤ በጣቷ ፈታችው። "ሰነፈችብሽ እንዴ? ከልጅነቷ ጨዋታ ታበዛ ነበር።"

ኩልሱም ከአሮጊቷ ጀርባ ቆማ ሚስ ባርካትን አየቻት፤ በዓይኗ ነው የለመነቻት። ቢሮው አዘገየው ማለት ይቻል ነበር። ወረቀቱ ጠፋ ማለትም ይቻል ነበር። አሮጊቷ ታምናለች፣ ታለቅሳለች፣ ልጇን ቀብራ ወደ አጨዳዋ ትመለሳለች።

"አልሰነፈችም፣ ቤቤ። አሥሩንም ጥያቄ መልሳለች። መዝሙሩንም አንድ ቃል ሳትስት ጨርሳዋለች። በቃሏ ስለነበር አታነብም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብፈርምላት ኖሮ ቤትዎ ነበረች። ይህን ሰባት ሳምንት እርስዎ ዘንድ ትሆን ነበር።"

ካርሞ ማበጠሩን አላቆመችም።

"በቃሏ?" አለች።

"አዎ።"

"በቃሏ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት። መጽሐፉን ያዢ፣ አፍሽ ይበል፣ ይሄ ነው ማንበብ አልኳት። ሌላ ማንበብ መኖሩን አላወቅሁማ። ጥፋቱ የኔ ነዋ።"

ይህን መስማት ሚስ ባርካትን አቃታት። ብትሰድባት፣ ደረቷን ብትደበድባት ችላ ትቆም ነበር። ሚስ ባርካት አሮጊቷ እግር ሥር፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች። ካርሞ በአንድ እጇ ልጇን እያበጠረች፣ በሌላው እጇ የአስተማሪዋን ራስ ነካች። "አይዞሽ ልጄ" አለቻት፤ ሬሳ ጭኗ ላይ የያዘች እናት።

ኩልሱም ወጥታ ተመለሰች። የቪሮን ጓዝ ይዛለች፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጣሳ፣ የመዝሙሩ መጽሐፍ። "ይሄን ለፈተናው ነው ብላ ማንንም አታስነካም ነበር" አለችና መጽሐፉን ለሚስ ባርካት ሰጠቻት። አንዱ ገጽ ላይ የጭቃ ምልክት አለ። ሚስ ባርካት ገለጠችው።

ጥጉ ሙሉ ነበር። ከመድኃኒት ካርቶን የተቀደደች ቁራጭ፣ በራሰ ቂጣ ተለጥፋ፣ ምስጡ የበላውን ቦታ ደፍናዋለች። ላይዋ ላይ፣ እንደ ጭቃዎቹ ፊደሎች ወፋፍራም ሆነው፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እያሉ፣ ሦስቱ ቃላት ተጽፈዋል። "እስኪነጋ ድረስ እጠብቃለሁ።" ስህተት የለባቸውም። ሚስ ባርካት በአስተማሪ ዓይኗ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየቻቸው፤ ምንም ስህተት የለባቸውም።

"ምንድን ነው?" አለች ካርሞ።

"ጽፋለች፣ ቤቤ። ራሷ ጽፋለች።"

አሮጊቷ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሻሿን በራሷ ላይ አስተካከለች፣ መጽሐፉን በሁለት መዳፏ ተቀበለች። "የትኛው መዝሙር ነው?" አለች፤ ሚስ ባርካት ነገረቻት። ካርሞ ገጹን እያየች፣ በዚያ ልጇ በወረሰችው ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሚስ ባርካት ጣቷን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬደች ተከተለቻት። ሁለቱ አብረው ወረዱ፣ እስከ ካርቶኗ ድረስ። እዚያ ላይ ካርሞ መዝሙሩን አቆመች።

"ከዚህ የሷ ነው?"

"ከዚህ የሷ ነው።"

አሮጊቷ በሻካራ ጣቷ ወፋፍራሞቹን ፊደሎች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አላነበበቻቸውም፤ በቃሏም አላለቻቸውም። መጽሐፉን ዘግታ ለአስተማሪዋ መለሰችላት።

"እንዳነበበችው ቁጠሪላት" አለች።

"ቆጥሬላታለሁ፣ ቤቤ።"

ካርሞ የልጇን ራስ ወደ ጭኗ መለሰችና ያልተበጠረውን ጎን ታበጥር ጀመር።